ሉሊት እና የዕቃ ቤቱ በር

ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። ሰፈሩ ጸጥ ብሏል። ጠዋት ጓሮ ወጥቼ ነፋስ ያጋደመውን ሙዝ በአሮጌ ነጠላ ጥለት ከአጥሩ ጋር አሰርኩት። ባለቤቴ ደመላሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ቢኖር ይስቅብኝ ነበር። ለሙዝ ጥለት የምታለብስ ሴት…

ከሰዓት ሉሊት ከትምህርት ቤት መጣች። በላች። እጇን ታጠበች። ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶዎቿን በየቀለማቸው ደረደረች። የባዮሎጂ ደብተሯን ሌላ ደብተር ላይ በንጹህ እየገለበጠች ነው። ርዕሱ ሮዝ፣ ትርጉሙ አረንጓዴ፣ ሥዕሉ ሰማያዊ። ጥልፍ ይመስላል። አጠገቧ ጥጥ ስፈትል ዓይኔን ከደብተሩ መንቀል አቃተኝ።

ጎረቤቴ መሪማ ከሱቋ ስኳር ልታቀብለኝ ብቅ ስትል አሳየኋት።

«ኡ! እትዬ ጽጌ፣ ይሄ ደብተር ነው የሠርግ ካርድ?»

«የልጄ ልጅ ናት» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«የኔዋ ሱመይራ ደብተር ቢታይ ዶሮ የጫረችው ይመስላል።» ሳቀች። ሁለቱም ልጆች ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ናቸው።

መሪማ ስትወጣ ደብተሩን እንደገና ገለጥኩት። ኮራሁ።

ጥር 19

የሉሊት አባት ሳምሶን ደወለ። ሉሊትን ሊያገኝ እሁድ እሁድ ይደውላል። የወለድኩት ልጅ ነው፤ ስልኩን ሳነሳ ግን ሁሌም ልቤ ይመታል።

«እማዬ፣ ልጅቷን እያጨናነቅሻት አይደለም አይደል?»

«ኧረ! ራሷ ናት የምታጠናው።»

«እያየሻት ነው?»

እንዝርቴን ወደ ጎን አደረግሁ።

«እማዬ…»

«የማየው ጥጤን ነው።»

ሳቀ። አጭር ሳቅ። «ብቻ ትሞክረው። ካልሆነላት እዚህ ጨለለቅቱ ቡና መሰብሰቢያው ላይ ሚዛን የምትይዝ ልጅ ይፈልጋሉ፤ ተነጋግሬያለሁ። በኛ ዘር ማትሪክ አይታለፍም።»

በኛ ዘር…

ከዘሩ አይደለም። ከኔ ነው። ይሄ በስልክ እንዴት ይባላል? እሱ የተፈተነ ዓመት ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። ማጥናት ምን እንደሆነ በምን ልወቀው? የማየው ከንፈር ነበር። እንዝርቴን ይዤ ፊት ለፊቱ እቀመጣለሁ። ከንፈሩ ከተንቀሳቀሰ እያጠና ነው። ከቆመ «ሳምሶን!» እላለሁ። ኳስ የለ፣ ጓደኛ የለ፣ ደጅ መቆም የለ። ልጁም ከንፈር ማንቀሳቀስ ተማረ። ወደቀ። ውጤቱ የመጣ ቀን የተናገርኩትን እዚህም አልጽፈውም። ብዙ ሳይቆይ የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሄደ።

ማንበብ የተማርኩት እሱ ጥሏቸው በሄዳቸው መጻሕፍት ነው፤ ተከራዮቼን «ይቺ ማናት?» እያልኩ። አንድ ቀን አንድ ገጽ ሙሉ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ዘለቅሁ። ስጨርስ «ምን ይላል?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ምንም። ባዶ። የልጄ ከንፈር ያን ቀን ገባኝ።

አሁን አይሱዙ ይነዳል። ከኮንጋ፣ ከዱመርሶ ቡና ጭኖ በዚህ ያልፋል። ያልፋል እንጂ አይገባም። አጥሩ ጋ ቆሞ አናናስ ያቀብለኛል፣ ሞተሩን እንኳ አያጠፋም። መስከረም ላይ ሉሊትን አውርዶ «አሥራ ሁለተኛን እዚህ ዲላ ትጨርስ» ሲል ጆሮዬን አላመንኩም። የገፋፋችው ሚስቱ ናት አሉ። ማንም ይግፋው…

ይቺኛዋን ማበላሸት የለብኝም።

የካቲት 6

መብራት የለም። ሉሊት ፊዚክስ ገለበጠች። አረንጓዴው እስክሪብቶ አልቆ ሌላ ገዛን።

የካቲት 20

የሞዴል ፈተና ውጤት ተሰጠ።

ሉሊት ቦርሳዋን ሳታወርድ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። ጫማዋ ጭቃ ነው። አላራገፈችውም።

«እማማ፣ ከግማሽ በታች ነው። ሁሉም።»

«ሁሉም?»

«እንግሊዝኛ ብቻ ሲቀር።» ከዚያ ጮኸች፤ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። «ያነበብኩት ነው እኮ! ጥያቄውን ሳየው ገጹ ይመጣልኛል። የት ጋ እንዳለ አውቃለሁ። በሮዝ ነው የጻፍኩት። ሮዙ ይታየኛል! የተጻፈው ግን…»

አለቀሰች። ገብቼ የቡላ ገንፎ በዘይት ሠራሁላት። ሁለት ማንኪያ ቀመሰችና ተወችው።

«ለአባዬ አትንገሪው» አለች። «ሚዛን ላይ ሊያስቀምጠኝ ነው።»

ስንት ወር ሙሉ ምን ነበር ስመለከት የነበረው? ድሮ ከንፈር፣ ዘንድሮ ቀለም። መሪማን ጠርቼ ያሳየሁት፣ የኮራሁበት… ማንበብ ተማርኩ እንጂ ያችው ሴት ነኝ ማለት ነው?

የካቲት 22

ዘንድሮ ጾማችን ገጠመ። የኛ ሁዳዴ፣ የነመሪማ ረመዳን። ሱቋ ደጃፍ ሁለት ጿሚዎች ተቀምጠን ስለ ልጆች አወራን። ሱመይራም ሞዴሉ አልሆነላትም። መሪማ እንደኔ አልከፋትም፤ ተናደደች እንጂ።

«ወላሂ እትዬ ጽጌ፣ የዛሬ ልጆች ወረቀት ያጠራቅማሉ። እኛ ቁርዓን ቤት ደብተር መች ነበረን? አንዲት ሎህ ናት፣ የእንጨት ሰሌዳ። የዛሬውን ትጽፊያለሽ፣ ትይዣለሽ፣ ለሸኹ በቃልሽ ትይላቸዋለሽ፣ ታጥቢያለሽ። ካላጠብሽ የነገውን የት ትጽፊዋለሽ?»

«ሳትይዢ ብታጥቢስ?»

አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። «አጥቤያለሁ እንጂ! አንድ ቀን ጨዋታ አማረኝና ቶሎ አጠብኩ። ሸኹ ‹እሺ መሪማ፣ በይ› አሉ። ሎሁን አየሁት፣ ንጹህ። ሸኹን አየኋቸው። ሎሁን አየሁት። ዝናብ መታብኝ አልኳቸው።»

«እና?»

«በጋ ነበር እትዬ ጽጌ! ሰማዩ ላይ አንድ ደመና የለም!»

እሷ በሳቅ ስትፈርስ እኔ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ቤት እስክገባ አልለቀቀኝም። የሚታጠብ ነገር ላይ የጻፈ ሰው የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ የለውም። ከራሱ በቀር። ሉሊት ግን ሁሉን ደብተሩ ውስጥ አስቀመጠችው። ደብተሩ አወቀ፣ እሷ ቀረች።

የካቲት 24

ለሉሊት ነገርኳት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ሽምደዳ ነው። ፊዚክስ አይሸመደድም። የሸመደደ ሰው ጥያቄው ትንሽ ሲዞርበት ያልቅለታል።»

እውነቷን ነው።

«በቃልሽ ያዢ አላልኩም። አንብቢ፣ ዝጊው፣ የገባሽን በራስሽ አባባል ጻፊ። ከዚያ ገልጠሽ የቀረውን እዪ። ከዚያ አጥፊው።»

«አጥፊው? የጻፍኩትን?»

«ሁሉንም።»

እንደ ሌባ አየችኝ።

የዕቃ ቤቱ በር ሰፊ ጣውላ ነው። ጥቁር ብንቀባውስ? የመሪማ ባል ኸድሩ የሱቁን በር ከቀባበት የተረፈ ቀለም ነበረው። ሰጠኝ። ወዲያው ራሴ ቀባሁት።

የካቲት 27

በሩ ደረቀ። አማረ። ያብረቀርቃል። ሉሊት ጠመኔ አነሳች፣ ጫረች… ተንሸራተተ! ምንም አይጽፍ። ለካ የዘይት ቀለም ነው።

ሱመይራ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ በሳቅ። «እማማ ጽጌ፣ እርስዎ እኮ መስታወት ነው የሠሩት! ፀጉር እንሠራበት።»

ሉሊትም ሳቀች። ከሞዴሉ ወዲህ የመጀመሪያዋ ናት። ለሷ ሳቅ ስል ደግሜ በቀባሁት።

ከሰዓቱን ሙሉ ሦስታችን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። አሁን ይይዛል። እጄ ላይ የቀረው ቀለም ግን በሳሙናም አልለቀቀም።

የካቲት 29

ሉሊት የባዮሎጂ አንድ ምዕራፍ አነበበች። መጽሐፉን ዘጋች። በሩ ፊት ቆመች። ጠመኔውን በጣቶቿ አሽከረከረችው። ጻፈች። ቆመች። ጻፈች… አራት መስመር። ቀና ብላ ጣራውን አየች፣ ሙዙን አየች፣ እኔን አየች።

«በቃ» አለች።

«ይቺ ናት ሰቃይዋ?» አለች ሱመይራ ከኋላ። «ሮዝ ጠመኔ ይምጣልሽ እንዴ?»

«ሙድ አትያዢብኝ! በይ ነይ፣ አንቺ ጻፊ!»

ሱመይራ ሁለት መስመር ጻፈች። አንዱ ስሟ ነው።

መጽሐፉን ገልጠው የተዉትን አዩ። ሉሊት ግንባሯን መታች። «ይሄን እኮ አውቀዋለሁ!» አለች በያንዳንዱ። ታውቀዋለች፤ ስታየው። ሳታየው አታውቀውም። ልዩነቱን ያየችው ዛሬ ይመስለኛል።

እርጥብ ጨርቅ አምጥቼ ማጥፋት ስጀምር «ቆይ እማማ፣ ፎቶ ላንሳው!» ብላ እጄን ያዘችኝ።

«አይነሳም።»

«አራት መስመር እኮ ናት…»

«ለአራት መስመርም አይነሳም።»

መጋቢት 7

አሁንም በሩን ትጠላዋለች። እንደ መርፌ ነው የምታየው። ዛሬ «ትናንት ሞልቼው ነበር፣ ዛሬ ግማሹ ጠፋኝ፤ ታዲያ ምን ጠቀመኝ?» ብላ ጠመኔውን ወረወረች። ጠመኔው የጎረቤት አጥር ተሻገረ። የሰው ዶሮ ጮኸ።

የትምህርቱን ነገር አላውቅም። የራሴን ነገርኳት። ፊደል ስማር «ኀ»ን ደጋግሜ ረስቻታለሁ። በረሳኋት ቁጥር ተከራይ እጠይቃለሁ፣ አፍራለሁ። ያፈርኩባት ፊደል ናት ዛሬም ከሁሉ በፊት ዓይኔ የሚያያት።

ሄዳ ጠመኔውን ለመነች። ዶሮይቱንም ይቅርታ ጠየቀች አሉ።

መጋቢት 16

ራሷ ዘዴ አወጣች። ዛሬ የጻፈችውን ነገ ሳታነብ ትሞክረዋለች። ከዚያ ሁለት ቀን ታሳልፋለች። ከዚያ ሳምንት። የጠፋውን ብቻ ታነባለች። በፊት ሁሉንም ከመጀመሪያው ነበር የምታነበው፤ የምታውቀውን ጭምር።

«የማውቀውን ማንበብ ደስ ይላል እኮ እማማ» አለች። «ጎበዝ የሆንሽ ይመስልሻል።»

ገባኝ። እኔም ዳዊት ስደግም የማውቀው ላይ ስደርስ ድምፄ ከፍ ይላል።

ስልኮቻቸው መሪማ ሱቅ ናቸው። የልጆቹ ሐሳብ ነው፤ ራሳቸው ወስደው አስረከቡ። ሱመይራ ግን በነጋታው «ለአንድ ደቂቃ ብቻ» ብላ ሄደች። መሪማ «አላውቀውም፣ ስኳሩን ጠይቂው» አለቻት። ለካ ጆንያው ውስጥ ቀብራዋለች! ኸድሩ ለደንበኛ ስኳር ሲሰፍር ስልኩ ጮኸ። ሰውዬው ኪሎውን ትቶ ሊሮጥ ነበር።

መጋቢት 28

ዛሬ በሩ ሞላ። ከላይ እስከ ታች። ሉሊት ቦታ ሲጠፋባት ተንበርክካ ጻፈች። መጽሐፉን ስትገልጠው የጎደለው ሁለት ቃል።

አልዘለለችም፣ አልጮኸችም። ትንሽ ቆማ አየችውና ጨርቁን ራሷ አነሳች። ጠረገችው።

ያዘንኩት እኔ ነኝ። ያ ሁሉ ጽሑፍ! እሷ ግን እያፏጨች እጇን ልትታጠብ ሄደች። በዚህች ልጅ ኮራሁ። ጥር ላይ በደብተሯ ነበር የኮራሁት።

ሚያዝያ 3

ሁለቱ አዲስ ጨዋታ አመጡ። አንዷ ጥያቄ ትጥላለች፤ ፊዚክስ፣ ቀጥሎ ኬሚስትሪ፣ ቀጥሎ ሒሳብ፣ ሳያስጠነቅቁ። ፈተናው እየተቀላቀለ ስለሚመጣ ነው አሉ። ያልቻለችው ለቻለችው ውሃ ትቀዳለች። ሱመይራ አራት ጀሪካን ቀዳች። መሪማ «ዛሬስ ልጄን ቦኖው አወቃት» ብላ አላገጠች።

ለኔም ድርሻ ሰጡኝ። ምስር እየለቀምኩ፣ «ለምን?» ማለት ነው ሥራዬ። ይመልሳሉ። «እሱስ ለምን?» እላለሁ። ሦስተኛው «ለምን» ላይ ብዙ ጊዜ ይቆማሉ። ተያይተው መጽሐፍ ይገልጣሉ።

«እማማ ጽጌ ከመምህሩ ይብሳሉ» አለች ሱመይራ።

ሚያዝያ 21

ምን ነካኝ?

ከገበያ ስመለስ ሉሊት ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተኝታለች። በጠራራ ፀሐይ። መጽሐፉ አጠገቧ ተደፍቷል። ከሱመይራ ጋር እስከ ለገዳራ ወንዝ በእግር ሄደው እንደነበር መንገድ ላይ ሰምቻለሁ። ደሜ ፈላ።

«ተነሺ! ሰው ፈተና ደርሶበት ይዞራል? ይተኛል? ያዢ መጽሐፍሽን!»

ብድግ አለች። ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ገለጠች። እኔም ፊት ለፊቷ… እንዝርቴን መቼ እንዳነሳሁ አላውቅም። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ።

ያ ከንፈር። የአባቷ። አንድም ቃል የሌለበት።

እንዝርቱ ከእጄ ወደቀ። ነጠላዬን አንስቼ ወጣሁ። መሪማ ሱቅ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ፊቴን አይታ ምንም አልጠየቀችኝም። ደንበኛ ሸኘች፣ ውሃ ሰጠችኝ፣ ሥራዋን ቀጠለች። ደግ ሴት ናት።

ስመለስ ሉሊት ከቦኖው ውሃ ቀድታ ጨርሳ እጇን እያደራረቀች ነው።

«እማማ፣ ሁለቱን ምዕራፍ ጧት አንቺ ገበያ ሳለሽ በሩ ላይ ሞልቼዋለሁ። ጨርሼ ነው የሄድነው። በእግሬ ስሄድ ይብላላልኛል፣ ስተኛ ይሰክናል። ሳልተኛ የያዝኩት አይቆይም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

አንገቷን ደፋች። «አባዬ ነው የነገረኝ።»

«ምን ብሎ?»

«እማዬ ከተቆጣች አትከራከሪ፣ ከንፈርሽን አንቀሳቅሺ፣ ያልፋል ብሎ።»

ሳቅሁ። መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ሳላስበው እንባዬ መጣ። ሉሊት ደንግጣ አቀፈችኝ፤ «አባዬ እየቀለደ ነው እኮ የነገረኝ» አለች። አውቃለሁ። እየቀለደ ነው።

ልጄ ለልጁ ያወረሳት የጥናት ዘዴ ይቺ ናት። እኔ ያስተማርኩት።

ሚያዝያ 22

ከዛሬ ጀምሮ በጥናቷ ሰዓት ቤት አልውልም። ለራሴ ነው የምጽፈው፣ እንዳልረሳው። መተኛቷንም መሄዷንም ለሷ ትቼዋለሁ። እንዝርቱ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ።

ከባድ ነው። ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ስለሷ ሳስብ ዋልኩ። አላየኋትም ግን።

ግንቦት 15

ሁለተኛው ሞዴል። ከግማሽ በላይ! በሁሉም! ፊዚክስ ብቻ ለጥቂት ጎደለ። ሱመይራም ተሻሽላለች።

ሉሊት ለአባቷ ራሷ ደወለች። ድምፁን ከሩቅ እሰማለሁ። «ከማን ቀዳሽ?» እያለ ይቀልዳል። ከዚያ «እማዬ ምን እያደረገች ነው?» አለ።

«የለችም» አለች፤ እዚሁ ቆሜ። ጠቀሰችኝ። «ሳጠና እቤት አትሆንም።»

«የት ትሄዳለች?»

«እንጃ። ትወጣለች።»

«እማዬ? ትወጣለች?» ብሎ ደግሞ ጠየቃት።

ሰኔ 18

ዝናብ። በሩ ራሰ፤ የጻፈችው ሁሉ ወረደ። «ሸኹ ሆይ፣ የአሁኑ እውነት ዝናብ ነው!» አለች መሪማ።

ሰኔ 30

ነገ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ይገባሉ። ፈተናው እስኪያልቅ እዚያው ያድራሉ። አንሶላና ብርድ ልብስ አጣጠፍን። ስልክ ክልክል ነው። ሉሊት ዛሬ መጽሐፍ አልነካችም። «ያልገባ ነገር ዛሬ አይገባም» ብላ ፀጉሯን ተሠራች። ድሮ ቢሆን…

ድሮ ሄዷል።

ሐምሌ 1

ቦና በባጃጁ ወሰደን፤ ሁለቱ ልጆች፣ መሪማ፣ እኔ፣ ሁለት ፍራሽ የሚያህል ብርድ ልብስ። ቦና የቡሌ ልጅ ነው፤ አማርኛው ወንድና ሴት ያምታታበታል። እየነዳ በመስታወቱ አየኝ።

«እማማ፣ አትፍሪ። ይሄ ልጅ ያልፋል። ፊቱ ላይ ያስታውቃል።»

«ልጅቷ ናት እኮ ቦና።»

«አዎ፣ እሱን ነው የምልሽ።»

ሁላችንም ሳቅን። በር ላይ ሉሊት አቀፈችኝ። ስትገባ እንደ ሌሎቹ አልሮጠችም። በዝግታ ነው የሄደችው። አካሄዷን ሳይ ደረቴ ሞላ። ውጤቱ የፈለገውን ይሁን… አይ፣ አይሁን። ልዋሽ አይገባም። ትለፍ። እባክህ ጌታዬ፣ ትለፍ።

ሐምሌ 5

ተመለሰች። ከስታለች፣ ፊቷ ግን ብሩህ ነው።

«እንዴት ነበር?» አልኩ። አንዴ ብቻ።

«በሩ ላይ ደጋግሜ የተሳሳትኳቸው ናቸው ቶሎ ቶሎ የመጡልኝ» አለች። «አይገርምም? ብዙ ያሰብኩት ያልተሳሳትኳቸው ላይ ነው።»

ከዚያ ተኛች። እስከ ማታ።

መስከረም 5

ዛሬ ውጤት ወጣ። መሪማ ሱቅ ተሰብስበናል። ኔትዎርኩ አይከፍት። ኸድሩ ስልኩን ወደ ጣራ ያነሳል፣ ያወርዳል። «ጣራው ላይ ውጣበት እንግዲህ» አለችው መሪማ።

የሱመይራ ቀድሞ ተከፈተ። ለግማሹ ትንሽ ጎደላት። «ሪሜዲያል ማካካሻ እገባለሁ። ያ በር ግን አብሮኝ ይሄዳል፣ ነቅዬ ነው የምወስደው» አለች። መሪማ ልጇን ግንባሯን ሳመቻት። «በአምናዋ ሱመይራ ስሌት ይቺንም አታገኚ ነበር። አላህ ይጨምርልሽ።»

የሉሊት አልከፈት አለ። ይዞራል፣ ይዞራል። ሉሊት ወደ ውጭ ወጣች፤ ማየት አልቻለችም። እኔ ቀረሁ። ሱመይራ ስልኩን ወደኔ አዞረችው። «እማማ ጽጌ፣ እርስዎ ያንብቡት።»

መነጽሬን አደረግሁ። አነበብኩ። ቃል በቃል። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የባሌን ስም። ሉሊት ሳምሶን ደመላሽ። ከስድስት መቶ አራት መቶ ሃያ አንድ።

ደግሜ አነበብኩት። ይሄን የራሴ ዓይን አነበበው።

«ሉሊት!» ብዬ ጮህኩ። መንገደኛው ሁሉ ዞረ። የእልልታ ድምፅ እንዳለኝ ረስቼ ነበር። ዘንድሮ በትምህርት ቤቷ ያለፉት ጥቂት ናቸው፤ ከነሱ አንዷ የኔ ናት። የኔ!

ሳምሶን ስልክ አላነሳም። መንገድ ላይ ነው መሰለኝ።

መስከረም 6

ደወለ። «ሰማሁ» አለ። ሌላ ነገር ሊል ፈልጎ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጭነት አለኝ፣ እደውላለሁ» ብሎ ዘጋው።

ምን ጠብቄ ነበር? ምንም። እሷ ካለፈች በቂዬ ነው። ነው አይደል?

መስከረም 24

ዛሬ ከረፋዱ አይሱዙው መጣ። ሳምሶን ሞተሩን አጠፋ። ወረደ። ከጋቢናው ሌላ ልጅ አወረደ፤ ትጊን፣ የሉሊትን ታናሽ፣ ዘንድሮ ስምንተኛ ናት። ከኋላ ሻንጣ አወረደ። ከሻንጣው ላይ ፍራሽ።

«እማዬ፣ ይቺንም አምጥቼልሻለሁ።»

«ለስንት ቀን?» አልኩት። እንደ ሞኝ።

«አሥራ ሁለተኛን እስክትጨርስ።» መሬት መሬት እያየ ነው። «ሉሊት ምደባዋ ሲመጣ ትሄዳለች። ቤቱ ባዶ ይሆንብሻል። ደግሞ… አንቺ ዘንድ ትሁን። እኔ ነኝ የፈለግሁት።»

እኔ ነኝ የፈለግሁት። በራሱ አፍ።

ገባ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ሉሊት ምሳ አቀረበች፤ ጎመን በቆጮ። ሦስት ጊዜ አስጨመረ። ሉሊት ትጊን ጓሮ ወስዳ ስለ ጥናት ታስረዳታለች፤ ትጊ «በደብተር አይሻልም?» እያለች ትከራከራለች። ሳምሶን እያዳመጠ ፈገግ አለ።

«በኔ ጊዜ…» ብሎ ጀመረ። ተወው።

«አውቃለሁ» አልኩ።

«ሳይሽ ደክሞሻል እማዬ።»

«አንተ ነህ የደከምከው። ከየት ነው የመጣኸው?»

«ሌሊቱን ስነዳ ነው ያደርኩት።»

ትራስ አቀበልኩት። «ለአምስት ደቂቃ» ብሎ መደቡ ላይ ጋደም አለ። ይህን እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። አፉን ከፍቶ፣ እንደ ልጅነቱ። ከዚህ ቤት ከወጣ ጀምሮ እዚህ ተኝቶ አያውቅም።

ጫማውን ከፀሐይ ወደ ጥላ ወሰድኩት። መጋረጃውን ሳብኩ። ጓሮ ወጥቼ ልጆቹን «ቀስ በሉ» አልኳቸው። መሪማ በአጥሩ በኩል «እትዬ ጽጌ፣ መኪናው መንገድ ዘጋ፣ ሳምሶን ያስጠጋው!» ብላ ስትጣራ በእጄ ምልክት ሰጠኋት።

«ምን ሆነ?»

«ልጄ ተኝቷል» አልኳት። «መንገዱ ይቆይ።»